ከጋሼ ጆሮ ጀርባ

ጸጉር አስተካካይ ነኝ። ሰው ሁሉ ፊቱን በመስታወት ያያል፤ ማጅራቱን የማየው ግን እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ከሰው ጀርባ ቆሜ ያየሁትን ሁሉ ብዘከዝክ ሰፈሩ ይታመስ ነበር። በልጅነቱ በድንጋይ የተፈነከተውን አውቃለሁ፤ መላጣው ከኋላ ጀምሮት ገና ያልሰማውንም አውቃለሁ። አንዱንም አልናገርም። ደንበኛ የሚመጣው አምሮበት ሊወጣ እንጂ ጉዱን ሊሰማ አይደለም። የሚሸፈነውን እሸፍናለሁ፤ ሥራዬ እዚያ ላይ ያበቃል።

ከሸፈንኳቸው ሁሉ የምኮራበት የታላቅ ወንድሜ ጭንቅላት ነበር። ጋሼ እለዋለሁ። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ጎህ ሳይቀድ ስለሚነሳ፣ በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ በእረፍት ቀኑ ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ ጨርቁን አንገቱ ላይ አስሬ ሳልጨርስ ያንኮራፋል። ጸጉሩ እንደ ብሩሽ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ከቀኝ ጆሮው ጀርባ ግን የባቄላ ፍሬ የምታህል፣ ጸጉር የማይበቅልባት ጠባሳ አለች። ከበላይዋ ያለውን ጸጉር አንድ ጣት ያህል አስረዝምና ወደ ታች አበጥረዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሳደርግ ሚስቱ እንኳ አላየቻትም። ይህንንም ጥበብ ብዬ እኮራበት ነበር፤ ሞኝ ነኝ።

ከዚያ ኩላሊቶቼ ከዱኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት ደሜ በማሽን ታጠበ። ይህ ቆሞ ለሚውል ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ ቆሞ የሠራ ያውቀዋል። ጉልበቴ ይብረከረካል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ጢም መላጨት አቆምኩ፤ ምላጭ የሰው ጉሮሮ ላይ አሳርፎ መንቀጥቀጥ አያምርም። ደንበኞቼ እያዘኑልኝ ወደ ሌላ ጸጉር ቤት ሄዱ። በደጄ ሲያልፉ እንዳላያቸው ኮፍያ ያደርጋሉ። የተቆረጠውን ጸጉር ከኮፍያ ሥር የማላውቅ ይመስላቸዋል!

አንድ ሰኞ ጋሼ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳይተኛ ቀረ። «ሁለት አለኝ አይደል?» አለኝ። «አንዱን ውሰድ።» ጃንጥላ የሚያውሰኝ ነበር የሚመስለው። አልቅሼ እንዳላሳፍረው ማሽኑን አስነሳሁና ጸጉሩን መቁረጥ ጀመርኩ።

አምስት ወር ተመረመረ። ደሙ ከደሜ ገጠመ፣ ልቡ ጤነኛ ሆነ፣ ኩላሊቱን በምስል ያየችው ሐኪም «የሃያ ዓመት ጎረምሳ ኩላሊት ነው» አለች። ቆዳውን ሳይቀር ጀርባውን፣ ደረቱንና እግሩን ገላልጠው አዩለት። ቀን ተቆረጠልን። አሥራ ስድስት ቀን ሲቀረን እኔ በእጥበት ክፍሉ ጥርሴን የማልከድን ሰው ሆንኩ።

ነገሩን ያመጣችብኝ ያቺ ደስታዬ ናት። ከጎኔ ባለው ወንበር የሚታጠቡት መምህርቷ ናቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት፤ ክንዳቸው በማሽኑ ቱቦ ተይዞም በሌላው እጃቸው የልጅ ልጃቸውን ደብተር በቀይ እስክርቢቶ ያርማሉ። ወሬዬን ነገርኳቸው።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» አሉኝ። «እኔም ሲተከልልኝ እንዲሁ ነበር የፈነደቅኩት።»

«እርስዎም ተተክሎልዎት ያውቃል?»

«እንዴታ! ስምንት ወር ተጠቅሜ መለስኩላቸው።» ሳቅ አሉና ደብተሩን አጠፉት። «በመኪና አደጋ የሞተ ሰው ኩላሊት ነበር። ጤነኛ ሰው፣ ጉንፋን የማያውቀው ይባልለታል። በስምንተኛው ወር ትኩሳት አላስቆም አላስቀምጥ ሲለኝ አዩኝ፤ ኩላሊቱ ላይ ካንሰር። የኔ አይደለም፣ የሰውየው ነው። ለካ ከዓመታት በፊት ጀርባው ላይ የነበረች ጥቁር ምልክት አስቆርጦ ኖሯል። እሱም ረስቷት፣ ቤተሰቡም ሲጠየቅ ሳያነሳት ቀረ። ክፉው ዘር ግን ኩላሊቱ ውስጥ አድፍጦ ኖሮ ከእሱ ወደ እኔ ተሻገረ።»

«እንዴት ተረፉ ታዲያ?»

«ኩላሊቱን አወጡት። ሰውነቴ ባዕዱን እንዳይገፋ ብለው የሚሰጡኝን መድኃኒትም አቆሙት። ያን ጊዜ ሰውነቴ ከእንቅልፉ ነቃና ባዕድ የሆነውን ሁሉ ጠራርጎ አስወጣልኝ፤ ካንሰሩንም ጭምር። ይኸው አራት ዓመቴ፣ ንጹህ ነኝ።» ቀዩን እስክርቢቶ ከደኑ። «ሁለተኛውን ኩላሊት የወሰደው ሰው ግን ዘግይቶ ነው የታወቀለት። ነፍሱን ይማር።»

«ሐኪሞቹን አልተቀየሟቸውም?»

«ምን አድርገው? ያልተነገራቸውን ከየት ያምጡት? የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ቢኖር ኖሮ ይነግራቸው ነበር።»

ክው አልኩ። ክንዴን ሳላስበው አጥፌው ኖሮ ማሽኑ ጮኸ፣ ነርሷም እየሮጠች መጣች። «ምን ሆኑ? ላብ አጠመቀዎት እኮ!» ትለኛለች። ምን ልበላት? የሚያውቀው ሰው እኔ ነኝ ልበላት? ያቺ ጠባሳ ከምን እንደመጣች ጠይቄ አላውቅም። ሐኪሞቹም ጭንቅላቱን አልገለጡትም፤ ቢገልጡትም አያዩአትም፤ ሸፍኛታለሁ።

ከእጥበት እንደወጣሁ በቀጥታ የሄድኩት የጋሼ መስመር መጨረሻ ላይ ነው። ተሳፋሪው ወርዶ አልቆ የአውቶቡሱን የፊት መስታወት በጨርቅ ሲወለውል አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ከጆሮህ ጀርባ ያለችው ጠባሳ ከምን መጣች?»

«የቷ?»

«አታስመስል።»

መወልወሉን ሳያቆም፣ «አንተ ነህ ያመጣሃት» አለኝ።

«እኔ?»

«እዚያ ጋ ጥቁር ነገር ነበረች፤ ምስር የምታክል። ገና እጅህ ሳይሰላ፣ በመጣሁ ቁጥር በምላጭህ ትነካትና ትደማለች። አንተ ደግሞ ደም ካየህ ፊትህ ከል ይለብሳል፤ ቀኑን ሙሉ እንደተነጫነጭክ ትውላለህ። ልጁን ለምን አሳቅቀዋለሁ ብዬ አንድ ክሊኒክ ገብቼ አስቆረጥኳት።»

እጄ ሳይሰላ! የዚያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመት የሠራሁ ሰው ነበርኩ። ግን እውነቱን ነው፤ ትደማ ነበር። አንድ ቀን ጠፍታ በቦታዋ ጠባሳ ሳይ ምነው ብዬ አልጠየቅኩም። ምላጭ የሳተ እጄን ራሴ ላጋልጠው? አፌን ዘግቼ ጸጉሩን ላይዋ ላይ አለበስኩት።

«የቆረጧትን ምን አደረጓት?» አልኩት።

«በጠርሙስ ከተው ለምርመራ ላኳት። በሳምንቱ ለውጤት ና አሉኝ።»

«ሄድክ?»

«መስመር ቀየሩኝ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መስመር ቀየሩህ?»

የመስታወቱን ጥግ ደጋግሞ ወለወለ። «ሐኪሞቹ እኮ ጠይቀውሃል» አልኩት።

«ቀዶ ጥገና ተደርጎልህ ያውቃል ወይ ነው ያሉኝ። ይቺ ቀዶ ጥገና ናት? ጥፍር መቁረጥ ማለት እኮ ናት!»

የመምህርቷን ታሪክ ነገርኩት። ጨርቁን ጨብጦ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠና መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ካንሰር ብትሆን አሥራ አንድ ዓመት ታስቀምጠኝ ነበር?» አለ። «ስማኝ፤ ከተናገርክ ይሰርዙታል። እንደገና ምርመራ፣ እንደገና ወረፋ። አንተ ደግሞ እያየሁህ እያለቅክ ነው። ለሐኪሟ ትንፍሽ ብትል ወንድሜ አይደለህም። ማል።»

«ጋሼ...»

«ማል ብያለሁ!»

«ትንፍሽ ብል የእናታችን አጥንት ይውጋኝ» ብዬ ማልኩ። ልዋሽ አልፈልግም፣ ስምል ደስ ብሎኛል። ኩላሊቱን እፈልገው ነበር፤ በጣም እፈልገው ነበር። አስገደደኝ ብዬ በእሱ ለማላከክ የተመቸኝ መሐላ ነበረች።

አራት ቀን እህል አልቀመስ አለኝ። እግዜር ከፈቀደ ምንም አይሆንም እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ የመምህርቷን «የሚያውቅ ሰው» እሰማለሁ። በመጨረሻ የጣለኝ ግን ለራሴ ያለኝ ፍርሃት አልነበረም። እሁድ ጠዋት ምላጮቼን እየቀቀልኩ ሳለ ድንገት ገባኝ። ያቺ ነገር ክፉ ከሆነች ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ያለችው ጋሼ ላይ ነው። እኔ ለአራት ቀን የማስበው ስለ ተቀባዩ ብቻ ነበር። ራስ ወዳድነቴ አሳፈረኝ፤ ውሃው እሳቱን እስኪያጠፋው ገንፍሎ አላየሁትም።

በማግስቱ ሰኞ ጋሼ እንደ ልማዱ መጣ። ማክሰኞ ሁለታችንም የመጨረሻው ምርመራ ስላለን አሳምረኝ አለና ተቀመጠ። ጨርቁን አሰርኩለት። አንኮራፋ። የጸጉር ማሽኑን አነሳሁ፣ ጸጉር የሚያስቀረውን የፕላስቲክ ጥርስ ነቅዬ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ። ለአፍታ ከበላዩ ቆምኩ። ከዚያ ከግንባሩ እስከ ማናቱ አንድ ጊዜ ገፋሁበት። ነጭ መንገድ ወጣ። ከጀመርኩ በኋላማ ማን ያቆመኛል! ግራውን፣ ቀኙን፣ ማጅራቱን ዜሮ አደረግኩት። ጠባሳዋ ፍጥጥ ብላ ወጣች።

በብሩሹ አንገቱን ስጠርግለት ነቃና መስታወቱን አየ። ሌላ ሰው የተቀመጠ መስሎት ዞር ብሎ ኋላውን አየ።

«ምንድን ነው ያደረግከኝ?»

«ለሐኪሟ ትንፍሽ አልልም ብዬ ምያለሁ» አልኩት። ብሩሹን አስቀመጥኩ። «አልልም። ዓይን ካላት ግን ነገ ታያለች።»

ጨርቁን ከአንገቱ መንጭቆ ጣለው። የሹፌር ኮፍያውን ሲያጠልቅ ጸጉር የለምና ጆሮው ድረስ ገባለት። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። ወጥቶ ሄደ፤ ነገ ይምጣ አይምጣ እንኳ አላወቅኩም።

መጣ። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ እኔን ሳያየኝ፣ ከኔ ሁለት ወንበር ርቆ ተቀመጠ። ሐኪሟ ክፍል አብረን ገባን። የደም ግፊቱን ለካች፣ ሳንባውን አዳመጠች፣ ሆዱን ዳበሰች፣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። ኮፍያውን ግን አውልቅ አላለችውም! እኔ እዚያ ማዶ ተቀምጬ ምላሴን ነክሻለሁ። እስክርቢቶዋን አንስታ ፈረመች። ማኅተሙን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ፣ ወደ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው አለ ቢሉ እኔ ነበርኩ።

ያን ጊዜ ጋሼ ተነሳ። ኮፍያውን አወለቀ፣ ጀርባውን ሰጣትና ጎንበስ አለ።

«ዶክተር፣ ከጆሮዬ ጀርባ አንድ ነገር አለ» አላት። «ይዩልኝ።»

ሁሉንም ነገራት፤ ምስሯን፣ ክሊኒኩን፣ ጠርሙሱን። ሐኪሟ ስትሰማ ፊቷ ቀስ በቀስ ኮስተር አለ። «ይህን የሚያህል ጠባሳ እኛ ሳናየው? ማን ነው እንዲህ አድርጎ የደበቀው?»

ጋሼ ወደ እኔ ጠቆመ። «ይኸው፤ ጸጉር አስተካካዩ!»

ሐኪሟ ቀኑን ሰረዘች። አልተቆጣችም፤ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። የቆረጡት ክፉ ዓይነት ከሆነ ዘሩ ከስንት ዓመት በኋላም ሊነሳ ይችላል፤ የኔን ሰውነት ደግሞ በመድኃኒት አዳክመው ስለሚያስተኙት እንደ ልቡ ይፈነጫል። ደህና ዓይነት ከሆነ ምንም የሚያግደን የለም። ክሊኒኩ ተዘግቷል፤ ናሙናው የተላከለት ላቦራቶሪ ግን እንዲህ ያለውን በሰም ውስጥ አድርጎ ለዓመታት ያስቀምጣል። «ካልጠፋ እናገኘዋለን» አለችን። ካልጠፋ!

አሥራ ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። ለመምህርቷ ነገርኳቸው።

«ጎሽ፣ ተናገርክ ማለት ነው።»

«አልተናገርኩም፣ ላጨሁት።»

ይህን ስላቸው በሳቅ ተንፈቅፍቀው ማሽናቸው ጮኸ። ነርሷ ሁለታችንንም ተቆጣችን።

በሰኞው ጋሼ የሚቆረጥ ጸጉር ሳይኖረው መጣ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ እኔም ሥራ ፈት እንዳልመስል ጨርቁን አሰርኩለት። አልተኛም። በመስታወቱ ውስጥ ያየኛል።

«ያኔ ያልሄድኩት መስመር ቀይረውኝ አይደለም» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ፈርቼ ነው። ያ የክሊኒኩ ሐኪም ሲቆርጣት ፊቱ ደስ አላለኝም። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው፣ ሞተር ከማስነሳቴ በፊት እጄን ወደዚያች ቦታ እሰድዳለሁ፤ አብጣ ይሆን እያልኩ። አሥራ አንድ ዓመት። ያንተ ሐኪሞች ያን ሁሉ መርምረው ጤነኛ ነህ ሲሉኝ፣ እንግዲህ ነጻ ወጣሁ ብዬ አመንኩ። ማመን ፈለግኩ። አንተን ልጎዳ ብዬ አይደለም፤ እግዜር ያውቃል።»

ተናድጄበት ነበር፤ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። እኔ ምላጬ እንዳይታማ ዝም ስል፣ እሱ ፍርሃቱ እንዳይረጋገጥ ዝም ሲል፣ በአንዲት ባቄላ በምታህል ቦታ ላይ ሁለት ሽማግሌ ለመሆን የደረስን ሰዎች ድብብቆሽ ስንጫወት ኖረናል። እጄን መላጣው ላይ አሳረፍኩ። እሱም እጄን አላነሳውም።

በሃያኛው ቀን ሐኪሟ ሁለታችንንም ጠራችን። ገና በሩን ስንከፍት፣ ሳንቀመጥ፣ «ንጹህ ነው» አለች። እግዜር ይስጣት፤ ሰው አስቀምጣ የምታሰቃይ ሴት አይደለችም።

«ይድገሙልኝ» አላት ጋሼ።

«ንጹህ ነው። ናሙናው ተገኝቶ እንደ አዲስ ሁለት ሐኪሞች አይተውታል። ተራ ጥቁር ምልክት ነው፤ ካንሰር የሚባል ነገር የለበትም። አልነበረበትምም።» ከፋይሉ ውስጥ ጠርዙ የወየበ አንድ ወረቀት አውጥታ ሰጠችው። «ይህ ደግሞ የያኔው ውጤትዎ ነው። ወሳጅ ስላልመጣ እዚያው ተቀምጦ ቆይቷል።»

ጋሼ መነጽሩን አልያዘም። ለእኔ አቀበለኝና አነበብኩለት። ሁለት መስመር ጽሑፍ፣ አንድ ፊርማ። ቀኑ ምልክቷን ባስቆረጠ በስድስተኛው ቀን ነው።

«በስድስተኛው ቀን?» አለ።

«በስድስተኛው ቀን።»

«ያን ሁሉ ጊዜ እዚያው ነበር?»

«እዚያው ነበር ጋሼ።»

መጀመሪያ የሳቀ መሰለኝ። ትከሻው ይነቀነቃል፣ ጥርሱ ይታያል፣ እንባው ግን አገጩ ላይ ደርሷል። ወላጆቻችንን ስንቀብር እንኳ እንዲህ ሲሆን አላየሁትም። ሐኪሟ መስኮት የምትከፍት መስላ ተነሳች። እኔም አቀፍኩት፤ እፎይ አልን፣ ሁለታችንም በአንድ ትንፋሽ፤ አንዳችን ለሌላችን ነበር እፎይ ያልነው። በሌላ ወረቀት ላይ አዲስ ቀን ጻፈችልን።

ስለ ቀዶ ጥገናው የምነግራችሁ የለኝም፤ ተኝቼ ነበር። ስነቃ ነርሷ አልጋዬ ጎን የተንጠለጠለውን የሽንት ከረጢት ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ ሳትወጣኝ ኖሬ፣ ግማሽ ድረስ ሞልቷል። ውሃ የመሰለ፣ ብሩህ ቢጫ። እንደሱ ያለ ቆንጆ ነገር አይቼ አላውቅም።

በሁለተኛው ቀን ከቀትር በፊት ጋሼ ጎኑን በእጁ ደግፎ፣ እያዘገመ ክፍሌ ገባ። ፊቴን አላየም። በመጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ከረጢቱን አየ፣ ቁጥሩን ለማንበብ ዓይኑን አጨናቆረ።

«ስንት ነው የሚለው?» አላት ነርሷን።

«ከጠዋት ወዲህ ብቻ ሁለት ሊትር።»

«የኔ እኮ ነው» አላት ደረቱን ነፍቶ፣ ከዚያ ቁስሉ ወጋውና ተኮማተረ።

«አሁንማ የኔ ነው» አልኩት።

አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ነርሷን፣ «ውሃ ይፈቀድለታል?» ብሎ ጠየቃት። ሦስት ዓመት በቀን ከሁለት ብርጭቆ በላይ ተከልክዬ፣ ከንፈሬን በእርጥብ ጨርቅ እየነካካሁ መኖሬን ያውቃል።

«አሁንማ እንደ ልባቸው ይጠጡ» አለችው። «እንዲያውም ካልጠጡ ነው የምቆጣቸው።»

ብርጭቆውን ራሱ እስከ አፉ ሞልቶ ሰጠኝ። ሳላቋርጥ ጠጣሁት። ጋሼ ጉሮሮዬን እያየ፣ ከንፈሩን ከኔ ጋር እያንቀሳቀሰ፣ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ባዶውን ብርጭቆ ተቀበለኝና እንደገና ሞላው።

«ድገም» አለኝ።

ደገምኩ።